ተሸንፎ የማይሰናበት ቡድን፦ የአውሮፓ ወጣቶች ቅርጫት ኳስ አሠራር በድሬ ሜዳ

ስምንት ቡድን የተመዘገበበት የክረምት ውድድር በጥሎ ማለፍ ሲካሄድ ከመክፈቻው እስከ ዋንጫው ያለው ጨዋታ ሰባት ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዙር አራት ቡድን ይወድቃል። በየቡድኑ 12 ልጅ ብንቆጥር 48 ልጅ ሲለማመድ ከርሞ በአንድ ጨዋታ ክረምቱ አለቀ ማለት ነው፤ ከነሱም ውስጥ ከተቀያሪ ወንበር ሳይነሳ የሚመለስ አለ። ድሬ ውስጥ ከሳቢያን እስከ ገንደ ቆሬ ኳስ የሚያነጥር ልጅ ሞልቷል። የሚያጥረው የሚቆጠር ጨዋታ ነው። ለዚህ መፍትሔው ከአውሮፓ የወጣቶች ሻምፒዮና ላይ ተዘርግቶ ይታያል፤ ገንዘብ ሳይሆን የጨዋታ ድልድል ነው የሚጠይቀው።

ሻምፒዮናው ከ16፣ ከ18 እና ከ20 ዓመት በታች ተብሎ በሦስት ዕድሜ ይካሄዳል፣ ለወንዶችም ለሴቶችም። የወንዶቹ ከ18 በታች በ1964 ናፖሊ ላይ ተጀምሮ ሶቪየት ኅብረት ወሰደችው፤ ከ16 በታቹ በ1971 ጎሪዚያ ላይ ተከተለ። (በዚህ ጽሑፍ የአውሮፓ ውድድር ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ፓው ጋሶልና ሁዋን ካርሎስ ናቫሮ በ1998 ቫርና ላይ፣ ቶኒ ፓርከር በ2000 ዛዳር ላይ ዋንጫ ያነሱት በዚሁ ውድድር ነው። ሪኪ ሩቢዮ በ2006 ሊናሬስ ላይ በከ16 በታች ፍጻሜ ሩሲያን የገጠመበት ቀን ደግሞ እስካሁን ይወራል፦ 51 ነጥብ፣ 24 ሪባውንድ፣ 12 አሲስት፣ 7 የተነጠቀ ኳስ፣ ሁለት ጊዜ ጭማሪ ሰዓት፣ ስፔን 110 ለ106።

ስሞቹ ግን ድልድሉን ያስረሳሉ። ከፍተኛው ዲቪዚዮን ኤ 16 ቡድን ይዞ በአራት ምድብ ይከፈላል። እያንዳንዱ በምድቡ ሦስት ጨዋታ ያደርጋል። ከዚያ ማንም አይሰናበትም፤ የምድቡ አራተኛ ሆኖ የጨረሰም ቢሆን ከሌላ ምድብ አንደኛ ጋር በ16ቱ ዙር ይገጥማል። በዚያ ያሸነፉት ስምንቱ ከ1 እስከ 8፣ የተሸነፉት ስምንቱ ከ9 እስከ 16 ላለው ደረጃ መጫወታቸውን ይቀጥላሉ። እንዲህ እየተከፋፈሉ ሲሄዱ ዋንጫ የወሰደውም 16ኛ የወጣውም እኩል ሰባት ጨዋታ አድርገው በዘጠኝ ቀን ይጨርሳሉ። በድምሩ 56 ጨዋታ ነው። ያው 16 ቡድን በጥሎ ማለፍ ቢሆን ኖሮ 15 ጨዋታ ብቻ ይሆን ነበር።

«የወደቀ ቡድን ለ13ኛ ደረጃ ምን ብሎ ይጫወታል?» የሚል ይኖራል። መልሱ መውረድ ነው። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ፣ ማለትም 14ኛ፣ 15ኛ እና 16ኛ፣ በሚቀጥለው ዓመት ዲቪዚዮን ቢ ውስጥ ይገኛሉ፤ በነሱ ቦታ የቢ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ይወጣሉ። ስለዚህ የ13ኛ ደረጃ ጨዋታ ከነሐሱ ሜዳሊያ ጨዋታ ይልቅ አንገት ለአንገት የሚያያዙበት ነው። ያሸነፈ ይቀራል፣ የተሸነፈ ይወርዳል። የደረጃ ጨዋታን ብቻ ገልብጦ መውረድን የተወ አዘጋጅ በመጨረሻው ቀን ግማሽ ቡድን ሜዳ ሳይመጣ ቢቀርበት ሊገርመው አይገባም።

አሁን ወደ እኛ ልክ እናምጣው። አንድ ሜዳና ስምንት ቡድን ካለ፣ ሁለት ምድብ (ኤ እና ቢ) ባለ አራት አራት ቡድን ይሆናል። የምድብ ጨዋታ 12፣ ሩብ ፍጻሜ 4፣ ከዚያ ለ1–4 ሁለት እና ለ5–8 ሁለት፣ በመጨረሻው ቀን ደግሞ አራት የደረጃ ጨዋታ፤ ድምር 24። እያንዳንዱ ልጅ ስድስት ጨዋታ ያገኛል። በቀን አራት ጨዋታ ስድስት ቀን ይወስዳል። አቀማመጡ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ ቅዳሜ ይጀመር፣ እሑድ ይረፍ፣ ሰኞና ማክሰኞ ምድቡ ይለቅ፣ ረቡዕ ይረፍ፣ ሐሙስ ሩብ ፍጻሜ፣ ዓርብ ግማሽ ፍጻሜ፣ ቅዳሜ መዝጊያ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አለ፤ የዓርብ ጁምዓ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ስለሆነ ከጨዋታው ጋር አይጋጭም። ሁለቱ የእረፍት ቀናት ዝናብ ለበላው ጨዋታም መጠባበቂያ ናቸው። ውድድሩ ሐምሌ ውስጥ ቢያልቅ ጥሩ ነው። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል፣ ፍልሰታን ደግሞ ልጆችም ይጾማሉ፤ ሳይበላና ውሃ ሳይጠጣ በጠዋት የሚሮጥ የ15 ዓመት ልጅ ሜዳ ላይ ይወድቃል።

የሩብ ፍጻሜው መስመር ላይ ብዙ አዘጋጅ ይሳሳታል። ከላይ በኩል የኤ አንደኛ ከቢ አራተኛ፣ የቢ ሁለተኛ ከኤ ሦስተኛ፤ ከታች በኩል የቢ አንደኛ ከኤ አራተኛ፣ የኤ ሁለተኛ ከቢ ሦስተኛ ይግጠሙ። እንዲህ ሲሆን የአንድ ምድብ አንደኛና ሁለተኛ ከፍጻሜ በፊት አይገናኙም። መስመሩ ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ተጽፎ ለሁሉም አሰልጣኝ ይታደል። ምድቡ ካለቀ በኋላ «ማን ከማን» ተብሎ ስብሰባ ከተጠራ ጭቅጭቁ አያልቅም።

ነጥብ አቆጣጠሩም ቀድሞ ይጻፍ። ያሸነፈ 2፣ የተሸነፈ 1፣ በፎርፌ የተሸነፈ 0 ያገኛል። የፎርፌ ውጤት 20 ለ0 ነው፤ ቡድኑ ከተያዘው ሰዓት 15 ደቂቃ አልፎም አምስት ተጫዋች ካላሰለፈ ይፈረድበታል። ለተሸነፈ 1 ነጥብ መሰጠቱ ለአንዳንዱ ሰው ግራ ነው። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፦ መጥቶ የተሸነፈና ያልመጣ እኩል መሆን የለባቸውም።

ሦስት ቡድን እኩል ነጥብ ሲይዝ የሚሠራው ስሌት ላይ ትንሽ እንቆይ፤ እዚህ ላይ የሚያልፈው ቡድን ሊለወጥ ይችላል። ለምሳሌ ያህል ሳቢያን፣ ከዚራ፣ መጋላ እና ለገሃር የሚባሉ የሰፈር ቡድኖች በአንድ ምድብ ናቸው፤ ሳቢያን ከዚራን 52 ለ46፣ ከዚራ መጋላን 60 ለ50፣ መጋላ ሳቢያንን 48 ለ44 አሸነፈ እንበል፤ ሦስቱም ደግሞ ለገሃርን አሸንፈዋል። ሦስቱም 5 ነጥብ አላቸው። የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን (ፊባ) የሚለው እኩል የሆኑት እርስ በርስ የተጫወቱት ብቻ ይቆጠር ነው። ሳቢያን ሲደመር 6 ሲቀነስ 4፣ በድምሩ +2። ከዚራ ሲቀነስ 6 ሲደመር 10፣ +4። መጋላ ሲቀነስ 10 ሲደመር 4፣ −6። ከዚራ አንደኛ፣ ሳቢያን ሁለተኛ፣ መጋላ ሦስተኛ። ሳቢያን ለገሃርን በ40 ነጥብ ልዩነት ቢያሸንፍ እንኳ እዚህ ቦታ የለውም፤ ደካማውን ቡድን ያለ ርኅራኄ መደብደብ ጥቅም እንዳይኖረው ነው የተደረገው። ሁለተኛው ስሕተት ደግሞ ከዚራ ከወጣ በኋላ «መጋላ ሳቢያንን ስላሸነፈ ሁለተኛው እሱ ነው» ማለት ነው። በነጥብ ልዩነቱ ሦስቱም ስለተለያዩ ወደ ኋላ አይኬድም። ወደ ሁለቱ የእርስ በርስ ጨዋታ የሚኬደው ልዩነቱ አንዱን ብቻ ለይቶ ሁለቱን እኩል ካስቀራቸው ነው። ልዩነቱም ሁሉንም እኩል ካደረገ በነዚያው ጨዋታዎች ብዙ ያስቆጠረ ይቀድማል፤ የምድቡ ጠቅላላ ጨዋታ የሚቆጠረው ከዚያ በኋላ ነው።

ዕድሜ እና የእኛ ካላንደር

በአውሮፓ ውድድር ዕድሜ የሚቆረጠው በልደት ዓመት ነው፣ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ። በ2024ቱ ከ16 በታች መጫወት የቻለው ጃንዋሪ 1 ቀን 2008 ወይም ከዚያ በኋላ የተወለደ ነው። ይህ በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው። ከ18 በታቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 2006፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1998 ዓ.ም.። የአንድ ቀን ልዩነቱ የመጣው 1999 ጳጉሜን 6 የነበረችበት ዓመት ስለሆነ የ2000 መስከረም በአንድ ቀን ዘግይቶ ስለገባ ነው።

ስሕተቱ የሚሠራው «8 ደምርበት» ሲባል ነው። ጥቅምት 2000 የተወለደ ልጅ 8 ተደምሮለት 2008 ይሆናል፤ እውነተኛው ልደቱ ግን 2007 ውስጥ ነው፣ ስለዚህ አይገባም። ሁልጊዜ 7 የሚደምር ደግሞ የካቲት 2000 የተወለደውን ልጅ ያለ ጥፋቱ ያስወጣዋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው የሚደመረው። ሰፈር ውስጥ ለሚካሄድ ውድድር እኔ የምመርጠው መስከረም 1ን መቁረጫ ማድረግ ነው፤ ወላጅም ልጅም ያለ ስሌት ይረዳዋል። ቡድኑ ወደ ብሔራዊ ምርጫ ልጅ የሚያቀርብ ከሆነ ግን ከመጀመሪያው በታኅሣሡ ቀን ይመዝግብ፣ አለዚያ ጥሩው ተጫዋች በመጨረሻ ይጣላል።

ማስረጃ ሁለት ይጠየቅ፣ አንዱ ከውድድሩ ዓመት በፊት የወጣ ይሁን። የልደት ሰርተፍኬት ትናንትናም ሊወጣ ይችላል። የክትባት ካርድ ወይም የአንደኛ ክፍል የትምህርት ካርድ ግን የቆየ ነው። ክፍል ዕድሜን አያሳይም፤ ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ የ14 እና የ18 ዓመት ልጅ አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ሰነዱን አዘጋጁ ብቻውን አይመልከት። ከመክፈቻው በፊት ባለው ቀን አሰልጣኞቹ ሁሉ ተሰብስበው የየቡድኑን ወረቀት ይቀባበሉና ይፈርሙ። ከፈረሙ በኋላ የሚመጣ የዕድሜ ክስ በጣም ይቀንሳል።

ሙቀቱ

ድሬ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም የአየሩ ልዩነት የሁለት አገር ነው። በደንገጎ ወርዶ የመጣ የሐረር ቡድን አንድ ቀን ቀድሞ ቢያድር ሰውነቱ ሙቀቱን አይለምድም፤ ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎቹ በጠዋቱ ክፍል ይመደቡለት። ይህ አድልዎ አይደለም፤ ልጅ እንዳይታመም ነው።

ሙሉው የፊባ ጨዋታ 4 ጊዜ 10 ደቂቃ ሆኖ ሰዓቱ በየፉጨቱ ስለሚቆም ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይሄዳል። በአንድ ሜዳ በቀን አራት እንዲህ ያለ ጨዋታ በድሬ ፀሐይ አይቻልም። 10 ደቂቃው ይቆይ፣ ግን ሰዓቱ ሳይቆም ይሩጥ፤ የሚቆመው በታይም አውት፣ በጉዳት እና በአራተኛው ሩብ የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ ብቻ ይሁን። በሩቦቹ መካከል 2 ደቂቃ፣ በእኩሌታው 10 ደቂቃ እረፍት። አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ለማሟሟቂያ 15 ደቂቃ ይጨመርበት። እንግዲህ ጠዋት 12:30 እና 1:45፣ ማታ ደግሞ 10:00 እና 11:15። የጠዋቱ 3:00 ላይ፣ የማታው 12:30 ላይ ያልቃል፤ በሐምሌ እስከ 12:30 ድረስ ያለ መብራት ኳስ ይታያል። ከሦስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ማንም ልጅ አስፋልት ላይ አይቁም። በዚያ ሰዓት ከተማው ራሱ ጥላ ይፈልጋል።

ለአንድ ቡድን ለአንድ ጨዋታ ባለ 20 ሊትር አንድ ጀሪካን ውሃ ይያዝ፣ ለመጠጥም ፎጣ ለማራስም። ልጁ ሲጠማው ሳይሆን በየሩቡ መጨረሻ አንድ ብርጭቆ ይጠጣ። ብዙ ያላበው ልጅ ኦ.አር.ኤስ. ይሰጠው፣ አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ውሃ ነው፤ «እንዲጠነክር» ተብሎ በግማሽ ሊትር መበጥበጥ ጉዳት ነው። ራሱን ያዞረው፣ ያቅለሸለሸው ወይም ቁርጠት የያዘው ልጅ ወዲያው ይውጣ፣ ጥላ ውስጥ እግሩ ከፍ ይበል። ንግግሩ ከተዛባ ግን ጨዋታው ይቁም። ውሃ እየተደፋበት፣ እየተራገበለት ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ይወሰድ፤ ለመወሰድ ብሎ ማቀዝቀዙ አይቋረጥ። ባጃጅ ከሜዳው በር ቆሞ ቢጠብቅ ከአምቡላንስ ጥሪ ይፈጥናል።

12 ልጅ የሚመዘገበው ለዚህም ነው። በሰባት ቀን አምስት ጨዋታ አድርጎ ስድስተኛው ላይ ፍጻሜ የሚጫወት ልጅ ምድቡ ላይ 40 ደቂቃ ከሮጠ እግሩ ቅዳሜ የለም። የእኔ ልክ በምድብ ጨዋታ ለአንድ ልጅ ከ25 ደቂቃ እንዳያልፍ ነው።

ሜዳው እና ሪንጉ

ሙሉ ሜዳ 28 በ15 ሜትር ነው፣ ከመስመሩ ውስጠኛ ጠርዝ ተለክቶ። ማዕዘኑ ትክክል መሆኑ የሚረጋገጠው ሁለቱን ሰያፍ በመለካት ነው፤ ሁለቱም 31.76 ሜትር መምጣት አለባቸው። አንዱ ከበለጠ ሜዳው ተጣሟል። የትምህርት ቤቱ ሜዳ አጭር ከሆነ መሃሉ ይጠር እንጂ የሪንጉ ዙሪያ አይነካ፦ የፍሪ ትሮው መስመር ከቦርዱ ፊት 4.60 ሜትር፣ ባለ 3 ነጥቡ 6.75 ይቆይ።

ባለ 3 ነጥቡ መስመር ሲሰመር የሚበላሸው ገመዱ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ነው። ብዙ ሰው ምስማሩን ከቦርዱ ሥር ወይም ከጀርባው መስመር ላይ ይተክላል። ትክክለኛው ቦታ ከሪንጉ መሃል በቀጥታ ወደ ታች ነው፤ ከጀርባው መስመር ውስጠኛ ጠርዝ 1.575 ሜትር ገባ ብሎ። ክር ላይ ጠጠር አስሮ ከሪንጉ መሃል ማንጠልጠል ቦታውን ያሳያል። ከዚያ በ6.75 ይዞራል፤ ይህ የመስመሩ ውጭኛ ጠርዝ ስለሆነ 5 ሴንቲ ሜትር ቀለሙ ወደ ውስጥ ይቀባል። በማዕዘን በኩል ቅስቱ ከጎን መስመሩ 90 ሴንቲ ሜትር ላይ ቀጥ ብሎ ከጀርባው መስመር 2.99 ሜትር ድረስ ይሄዳል። መጀመሪያ በጠመኔ ወይም በኖራ ይሠራ፣ ሌላ ሰው ይለካው፣ ቀለም ከዚያ በኋላ።

ሪንጉ 3.05 ሜትር ከፍታ አለው። አስፋልት ሲደረብበት ግን መሬቱ ይነሳል፤ 5 ሴንቲ ሜትር ንጣፍ የ3 ሜትር ሪንግ ይሰጣል። ከፊት፣ ከግራና ከቀኝ ይለካ፣ ውሃ ልክም ላዩ ይቀመጥበት። ልጆች የተንጠለጠሉበት ሪንግ ፊቱ ያዘነብላል፤ ያዘነበለ ሪንግ ጥሩ የነበረውን ውርወራ ወደ ውጭ ይተፋዋል። በያጅ ሲጠራ ቦርዱ ተሸፍኖ ይሁን። መረብ የሌለው ሪንግ ደግሞ ለዳኛ ፈተና ነው፣ በተለይ በማታ ብርሃን፦ ኳሱ ገባ ወይስ በጎን አለፈ የሚለው ክርክር ሁሉ ከዚያ ነው የሚመጣው። ሌላ ምንም መግዛት ባይቻል መረብ ይገዛ።

ኳስ ለወንዶች 7 ቁጥር፣ ለሴቶች 6። አስፋልት ላይ የጎማ ኳስ ይሻላል፤ የቆዳው በአንድ ውድድር ይላጫል። ልኩ የሚታወቀው በጣት በመጫን አይደለም። ከሥሩ 1.80 ሜትር ከፍታ ላይ ሲለቀቅ ላዩ ከ1.20 እስከ 1.40 ድረስ መነሣት አለበት። ጠዋት በቀዝቃዛው የተነፋ ኳስ አሥር ሰዓት ላይ ይጠነክራል፣ ከሪንግም እየተፈናጠረ ይወጣል፤ ስለዚህ ከማታው ጨዋታ በፊት እንደገና ይፈተሽ። ፀሐይ ላይ የተተወ ኳስ ለጨዋታ አይሰጥ።

ዝናብ ሲመጣ ይቁም። ሲቆም ውሃው በመጥረጊያ ይገፋ፣ ቀለም የተቀባው መስመር ከአስፋልቱ ይልቅ ስለሚያንሸራትት በጨርቅ ይድረቅ። ነጎድጓድ ከተሰማ የብረት ምሰሶ አጠገብ ማንም አይቁም።

ጠረጴዛው

ዳኛ ሁለት ይበቃል። ጠረጴዛው ላይ ግን ሦስት ሰው ይቀመጥ፦ መዝጋቢ፣ ሰዓት ያዥ እና 24 ሰከንድ ያዥ፣ ማለትም ኳስ የያዘው ቡድን ወደ ሪንግ ለመወርወር ያለውን 24 ሰከንድ የሚቆጥር። የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ከሌለ ሦስተኛው በስልኩ ሰዓት ይቁጠር፣ 10 ሲቀር ጮክ ብሎ ይናገር፣ የመጨረሻዎቹን 5 በእጁ ያሳይ። የሌለን መሣሪያ ሰበብ አድርጎ 24ቱን መተው መሪው ቡድን ኳሱን ይዞ እንዲቆም መፍቀድ ነው። ኳሱ ሪንግ ነክቶ ያው ያጠቃው ቡድን መልሶ ከያዘው 14 እንጂ 24 አይሰጥም፤ ልምድ የሌለው ያዥ ሁልጊዜ የሚረሳው ይህን ነው።

መዝጋቢው በየሩቡ መጨረሻ የሁለቱን ቡድን ነጥብ ዘግቶ ለዳኞቹ ያሳይ። በአራተኛው ሩብ የሚነሳ የአንድ ነጥብ ክርክር ብዙውን ጊዜ የሁለተኛው ሩብ ስሕተት ነው። የቡድን ፋውል በየሩቡ ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ የተጫዋቹ ግን አይመለስም፤ አምስተኛው ላይ ይወጣል። ከቡድኑ አምስተኛ ፋውል ጀምሮ፣ ኳስ ይዞ ያጠቃ የነበረው ካልሠራው በቀር፣ ሁለት ፍሪ ትሮው ነው።

የመዝጊያው ቅዳሜ ቅደም ተከተል ላይ አንድ ሐሳብ አለኝ። ጠዋት የ5ኛ እና የ3ኛ ደረጃ ጨዋታ ይሁን። የ7ኛው ደረጃ ጨዋታ ግን ማታ 10:00 ላይ፣ ከፍጻሜው ቀድሞ፣ ሕዝቡ ሲሰበሰብ ይሁን። የተሸነፈው በሚቀጥለው ክረምት ከአዲስ ተመዝጋቢ ቡድን ጋር ተጫውቶ ቦታውን ያስመልስ፤ ይህም ከመክፈቻው በፊት በደንቡ ላይ ይጻፍ። አቦ፣ ያንን ጨዋታ አይታችሁ ፍረዱ፤ ስምንተኛ ላለመሆን የሚሮጥ ልጅ እንዴት እንደሚከላከል ሰፈሩ ቆሞ ያየዋል።